የወንድሜ እግርና የአይሱዙው ፍሪሲዮን

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ትውልዴ ፈረስ ቤት፣ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። ለዚህ ያበቃኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ በአንድ አሮጌ አይሱዙ ድንች ከፈረስ ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ በቆሎ ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ እየጫነ አስተማረኝ። አምና ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራቶ ግራ ጉልበቱን ጎዳው። አሁን ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ስጠይቀው ‹ደህና ነኝ› ይለኛል።

ለሠርጌ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለኝ። ሶማሌ ተራ የማውቀው አንድ ሰው ‹ከቤንዚን መኪና የወረደ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለኝ፤ ቶርኖ ቤት አስተካክለን እንገጥምለታለን፣ ከፍሪሲዮን ይገላገላል› አለኝ። እጮኛዬ ‹መጀመሪያ ሠርጋችን› ብላ አኩርፋለች። ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም፤ ድንገት ላስደስተው ብዬ ነው። እባካችሁ መላ በሉኝ።»

ጠያቂው ከጎጃም በረንዳ

መልስ፦

ወንድማችን፣ ውለታ የማትረሳ ሰው በመሆንህ እንኮራብሃለን። ሐሳብህ ወርቅ ነው፤ ያ ካምቢዮ ግን ይቅርብህ። ምክንያቱን እንንገርህ።

ዛሬ የከተማው ልጅ ቪትዝ ለምዶ «አውቶማቲክ ማለት ነዳጅና ፍሬን ብቻ ነው» ይላል። ለነጂው እንደዚያ ነው። ከሥር ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። በእጅ ማርሽ መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ በመካከላቸው የሚሠራው ዘይት ነው። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አቁም፤ አንዱን ስታበራው ነፋሱ ሌላውን ያዞረዋል። በነፋሱ ፈንታ ዘይት አስብ። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ ቆሞ ሞተሩ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ይህ ዕቃ ታዲያ የሚሠራው ለሞተሩ ተለክቶ ነው። የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 5 ሺህና ከዚያም በላይ ሊዞር ይችላል። የአይሱዙው ናፍጣ ግን አብዛኛውን ሥራውን የሚጨርሰው ከ3 ሺህ በታች ነው፤ በዝግታ ዞሮ በጉልበት ይጎትታል። ስለዚህ የቤንዚኑ ካምቢዮ ማርሽ ለመቀየር ናፍጣው የማይደርስበትን ፍጥነት ሲጠብቅ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሲጮህ ይውላል። ጭነቱ ሲከብደው ደግሞ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ዲስኮች ይቃጠላሉ።

ሌላም አለ። ካምቢዮው ነጂው ምን ያህል ነዳጅ እንደረገጠ ማወቅ አለበት። አንዳንዱ በገመድ፣ አንዳንዱ የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ቫኪዩም፣ አዲሱ ደግሞ በኮምፒውተር ያውቃል። የተለመደው ናፍጣ ሞተር አየር የሚዘጋ ክዳን ስለሌለው ያን ቫኪዩም አይፈጥርም። ገመዱ ወይም ኮምፒውተሩ ካልተስተካከለ ካምቢዮው ዓይኑ እንደጠፋ ሰው ነው።

«ቶርኖ ቤት አስተካክለን» የተባለውንም ልብ በል። የሁለቱ ዕቃዎች ቡሎን ቀዳዳ ስለማይገጥም በመካከል ወፍራም ብረት ይገባል። የባለሙያዎቻችንን ብልሃት አንንቅም። ነገር ግን ያ ብረት ከመሐል በጥቂቱ እንኳ ከሳተ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕና ጎሚኒው ይበላል፣ ከቮላኖ ፈንታ የሚገባው ስስ ብረትም ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ወንድምህ የቡሬን በቆሎ ጭኖ ሲመጣ ደጀን ላይ ዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። ሲወርድ የሚያድነው ሞተሩ ነው፤ በከባድ ማርሽ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዝለታል። አውቶማቲኩ በዘይት ብቻ ሲያያዝ ይህ መያዝ ይላላል፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ሲወጣ በተራው የካምቢዮው ዘይት ይፈላል። ፈረስ ቤት ላይ ባትሪ ቢደክምበትስ? አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም። ተበላሽቶ ቢጎተት እንኳ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ካልተፈታ ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ይበላል። አንተ እግሩን ላሳርፍ ብለህ ሕይወቱን አደጋ ላይ ትጥላለህ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

አንደኛ፣ ከካምቢዮው በፊት ጉልበቱ ይታይ። አዲስ አበባ አምጣውና የአጥንት ሐኪም ይየው። የጉልበት ጅማት ጉዳት ታክሞ የሚሻል ሊሆን ይችላል። ዓመት ሙሉ በሕመም ላይ ፔዳል መርገጥ ግን ሊያብስበት ይችላል። መንዳት ይችላል አይችልም የሚለውንም ሐኪሙ ይንገረው።

ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይፈተሽ። ዲስኩ ሲያልቅ ፔዳሉ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ይህን መጠገን ከካምቢዮ ቅየራ እጅግ ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ «ግራ እግሩ ፔዳል አይርገጥ» ካለ፣ ፋብሪካው ከነአውቶማቲኩ ወደሠራው መኪና መሸጋገር ይሻላል። አይሱዙ ራሱ በዚህ ዓይነት የጭነት መኪና ላይ አውቶማቲክ ይገጥማል። ለጃፓን ገበያ ያወጣው «ስሙዘር» የሚባለውም ማርሹን በኮምፒውተር የሚቀይር ነው። የግድ እንቀይር ካላችሁም ለዚያው ሞተር የተሠራውን ሙሉውን ይዛችሁ ነው፤ ካምቢዮው፣ ስሱ ብረት፣ ኮምፒውተሩ ከነሽቦው፣ የዘይት ማቀዝቀዣው። ሞተር አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ በሕጋዊ ሰነድ ይሁን። እስከዚያው ሾፌር ይቅጠርና እሱ ጭነቱንና ሒሳቡን ይምራ።

የመጨረሻው ነገር ከመኪና ውጭ ነው። «ድንገት ላስደስተው» ያልከውን ተወው። መኪናው የእሱ እንጀራ ነው፤ ሳይጠየቅ መፈታት የለበትም። ምናልባት «ደህና ነኝ» የሚልህ አንተ ሠርግህን እንዳታስተጓጉል ብሎ ይሆናል። ፊት ለፊት ቁጭ በልና «ወንድም ጋሼ፣ እግርህ እንደሚያምህ አውቃለሁ» በለው። እጮኛህንም አብረሃት ውሰዳት። ያኮረፈችው በወንድምህ ሳይሆን ሳትነገር በተወሰነው ነገር ይመስለናል። ለሕክምናው የሚወጣው ብር የሠርጉን ድንኳን ቢያሳንሰው፣ ድንኳኑ ይነስ። ወንድምህ በሁለት እግሩ ቆሞ ይመርቅህ።

መልካም መንገድ!