አንድ «ክራክ»፣ ብዙ ድምፅ፦ ድምፀ ቀድ ቃላት በትርጉም ሥራ ስለሚገባቸው ስፍራ

በቡሄ ሰሞን በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳርቻ መንደሮች ጅራፍ ይጮሃል። ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማውን የአብን ድምፅ እንደሚያስታውስ ምእመናን ይናገራሉ። የፊዚክስ ትምህርት በበኩሉ ጩኸቱ የሚፈጠረው የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲወነጨፍ መሆኑን ያስረዳል። እንግሊዝኛ ይህን ድምፅ «ክራክ» ይለዋል፤ በአማርኛ ጅራፉ «ጧ» ይላል። የትርጉም ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«ክራክ» በእንግሊዝኛ የጅራፍ ድምፅ ብቻ አይደለም። የግድግዳ ስንጥቅም፣ የበር ገርበብ ማለትም፣ የምስጢር ጽሕፈት መፍታትም በዚሁ ቃል ይነገራሉ። ድምፁና የድምፁ ውጤት በአንድ ስም ይጠቃለላሉ። አማርኛ ግን እንደ ድምፁ ምንጭ ይለያቸዋል፤ ጅራፍ ጧ ይላል፣ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል፣ ጣት ይንቋቋል፣ ሽምብራ በምጣድ ላይ ይንጣጣል፣ ግድግዳ ደግሞ ይሰነጠቃል። «ክራክ»ን በሁሉም ስፍራ «ስንጥቅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ውጤቱን ይዞ ድምፁን ይጥላል።

እነዚህን ድምፀ ቀድ ቃላት የቃል ንግግር ማጣፈጫ ብቻ አድርጎ ከመደበኛ ጽሑፍ ማግለል ተገቢ አይመስልም። ቃላቱ «አለ»ንና «አደረገ»ን ተደግፈው ይነገራሉ እንጂ መካን አይደሉም። ከ«ኳ» ጋር «አንኳኳ» እና «ኳኳታ» ይዛመዳሉ፤ «ቀጭ» ከሚለው ጎን «ቀጨ» አለ፤ ወጣት ሲሞትም «በአጭሩ ተቀጨ» ይባላል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ «ጠቅ» ነው። ቀድሞ በጣት ወይም በነገር ወጋ ማድረግን ሲያመለክት የኖረው ይህ ቃል ዛሬ በኮምፒውተር መመሪያዎች «ጠቅ ያድርጉ» ተብሎ የእንግሊዝኛውን «ክሊክ» ተክቷል። ተጠቃሚው ሳይቸገር ተቀብሎታል፤ ቃሉ ከጣት እንቅስቃሴ ጋር አስቀድሞ የተቆራኘ ነበርና።

የእነዚህ ቃላት አጻጻፍ አይጸናም፣ ከቦታ ቦታም ይለያያል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ተገቢ ሥጋት ነው። ይሁን እንጂ የአጻጻፍ አለመጽናት ቃላቱን ለመሰብሰብ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ሳይመዘገቡ የሚጸኑበት መንገድ የለም።

ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ፍችውን ያሳያል። ለድምፀ ቀድ ቃላትም የሚያስፈልገው ይኸው ስልት ነው፤ ከእርሱም ጋር የድምፅ ቅጂ ሊታከልበት ይገባል። ለእያንዳንዱ ቃል ድምፁን የሚያወጣው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ድምፁ አንድ ጊዜ ወይስ ተደጋግሞ እንደሚሰማ፣ በየትኛው ረዳት ግሥ እንደሚነገር፣ ምን ዘይቤያዊ ፍች እንዳለው ቢመዘገብ ለተርጓሚም ለሥነ ልሳን ተመራማሪም መነሻ ይሆናል። ሥራው ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚመጥን ነው፤ ጅራፍ ገማጁ፣ እንጨት ፈላጩና ታንኳ ቀዛፊው ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ሩቅ አይደሉም። የሚያስቸኩለው ጉዳይ አንድ ነው፤ እረኝነቱ ሲቀር የጅራፉ «ጧ» ከነስሙ ሊረሳ ይችላል።