ናሙናውና ጭነቱ

የአሠሪዬን ደብዳቤዎች ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ማታ ማታ ጃዝ መስማት የቆየ ልማዴ ነው። በዚህ የንግድ ጋዜጣ ላይ ስለ ሙዚቃ መጻፌ የሚያስደንቀው አንባቢ ቢኖር፣ የኢትዮጵያ ጃዝ በነጋዴም እጅ ማደጉን ያስታውስልኝ። የሙላቱ አስታጥቄን ጃዝ እ.ኤ.አ. በ1974 በሸክላ ያሳተሙት ነጋዴው አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። ይኸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ አገር እንደገና ታትሞ በውጭ ገበያ ብዙ ወዳጅ አፈራ።

ነገር ግን በጃዝ ሸክላው ናሙና ነው፤ ጭነቱ ያለው በመድረክ ላይ ነው። ተጫዋቹ ያንኑ ዜማ በየምሽቱ እንደ አዲስ ይፈጥረዋልና። ናሙና ቀምሶ ቡናውን የማይገዛ ደንበኛ ላኪውን እንደሚያከስር ሁሉ፣ በቅጂ ብቻ የሚረካ አድማጭም ተጫዋቹን ያከስራል።

እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ደንበኛ ነበርሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል፣ በውስጡ የነበረው ጃዝአምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ጠፋ። ዛሬ ነገ ስል ሳልገባበት የቀረሁት ቤት ነበር።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፣ ሸክላውን በሕጋዊ ዋጋ እንግዛ፤ የመግቢያውንም ከፍለን እንስማ። ሆቴልና አዳራሽ ያላችሁ በሳምንት አንድ ምሽት ለጃዝ ብትፈቅዱ፣ ወንበሩን መሙላት የእኛ የአድማጮች ፈንታ ይሆናል።