ለሰደቃ የተፈታ እጅና የአጭበርባሪው ኢሜይል

በረመዷን የሙእሚን ልብ ይለሰልሳል፤ እጁም ለሰደቃ ይፈታል። አጭበርባሪውም ይህን ያውቃል። «የዑምራ ዕጣ ደርሶዎታል»፣ «የሐጅ ምዝገባዎ ሊሰረዝ ነው»፣ «ዘካዎን በዚህ ሊንክ ይላኩ» የሚሉ ኢሜይሎችና የስልክ መልእክቶች የእርሱ መረብ ናቸው። ሊንኩ ሲከፈት ትክክለኛውን የሚመስል ገጽ ይመጣና ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። የተሞላው ሁሉ በቀጥታ ሌባው እጅ ይገባል።

ዘዴው በሁለት ነገር ይቆማል፤ በአመኔታና በጥድፊያ። የመስጊድ ሥዕልና «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚለው ሰላምታ አመኔታን ያመጣሉ። ጥድፊያው ደግሞ ከራሳችን ዒባዳ ይወሰዳል። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት መውጣት ስላለበት፣ «ሰዓቱ ሊያልፍብዎት ነው» የተባለ ሰው ሳያጣራ ይከፍላል። ፊጥራን ለሰፈራችን ችግረኛ በእጃችን ለመስጠት ግን የማንም ሊንክ አያስፈልገንም።

«በሙስሊም ላይ በጎ ማሰብ ግዴታ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው፤ ነገር ግን ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ አመጸኛ ሰው ያመጣውን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል። ፊቱን የምናየው ሰው ያመጣው ወሬ የሚጣራ ከሆነ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የላከው ይበልጡን መጣራት አለበት።

እንዴት እናጣራ? የላኪ ስም እንደተፈለገ ሊጻፍ ስለሚችል ሙሉ አድራሻውን እንይ። ሊንኩን ትተን ራሳችን ተቋሙን እንጠይቅ። ከኢትዮጵያ ለሐጅ የሚሄድ ሰው በእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ይመዘገባል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሐጅ ጀምሮ የሚመዘገቡት በሳዑዲው ኑሱክ ነው። ባንክም ሆነ ቴሌብር የምስጢር ቁጥርን ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድን በመልእክት ላኩልኝ አይልም።

እናቶች ስልካቸውን ለልጅ ሰጥተው «ሙላልኝ» ይላሉ። ያ ቁጥር አማና መሆኑን ልጁ ይወቅ። የተታለለ ሰው ደግሞ አፍሮ ዝም ሲል ለሌባው ጊዜ ይሰጠዋል። ወዲያው ይደውል፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127። የይለፍ ቃሉን ይቀይር፣ ለፖሊስም ያመልክት፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ድርጊቱን ያስቀጣልና። ቤተሰብም ከመውቀስ ይልቅ ያግዘው።

ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ይህን በየቤታችን እንነጋገርበት። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሰደቃችንንም ለሚገባው ያድርሰው።