ስለ ትግለኞቻችን ክብደትና ስለ ዓርብ ማታው ሚዛን



ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ባለፈው ወር በመኝታ ክፍላችን የሆነው ነገር ነው። ከእኛው ጋር የሚያድር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ (ስሙ እንዳይጠራ ለምኖናል) በትግል ክበባችን ውስጥ በ65 ኪሎ ምድብ እንዲገጥም ተመርጦ ነበር። ግጥሚያው ቅዳሜ ጧት፥ ምዘናው ደግሞ ዓርብ ማታ እንዲሆን ተወስኖ ሳለ፥ ልጁ ረቡዕ ማታ ሚዛን ላይ ሲወጣ 69 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያየነው ብቻ ሳንሆን የሠራነውም እኛው ነን። የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ቀድደን ከሹራቡ ሥር ያለበስነው እኛ ነን። መስኮቱን ዘግተን የኤሌክትሪክ ምድጃ የለኮስነው እኛ ነን። ሌሊት ተነሥቶ ውሃ እንዳይጠጣ ጣሳውን የደበቅነውም እኛ ነን፤ ይህንም ስናደርግ ትልቅ የወዳጅነት ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። ዓርብ ማታ ሚዛኑ 65 ሲል አጨበጨብን።

ያን ሌሊት ልጁ ያገኘውን ውሃ ሁሉ ጠጣ፥ ያገኘውንም እንጀራ በላ፥ ግማሹንም መልሶ አስታወከው። ቅዳሜ ጧት በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚው ገና ሳይዘው እግሩ ተኮማተረና ምንጣፉ ላይ ወደቀ። በክሊኒክ የተቀበሉን ሐኪም በደም ሥሩ ፈሳሽ እየሰጡት ወደ እኛ ዞረው «ይህን ልጅ እንዲህ ያደረቀው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን አንድም ሰው አልመለሰላቸውም። የዛሬው ጽሑፋችን ያን ጊዜ ያልሰጠነው መልስ ነው።

መቼም በሁለት ቀን አራት ኪሎ ጠፋ ሲባል የጠፋው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ስብ አለመሆኑን ማንኛውም የባዮሎጂ ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊያሰላው ይችላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎካሎሪ ያህል ኃይል ይዟል፤ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ቢሯሯጥ እንኳ የሚያወጣው ከሦስት እስከ አራት ሺህ ቢሆን ነው። እንግዲያው ሁለት ቀን ሙሉ እህል የሚባል ባይቀምስ የሚያቃጥለው ስብ ወደ አንድ ኪሎ ቢደርስ ነው። የቀረው ውሃ ነው፤ ከውሃውም ጋር በአንጀት የነበረው ምግብና በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር አለ። ይህ ግላይኮጅን የሚባለው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፥ እሱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይሄዳል፤ ሚዛኑም ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ትግለኛ ሰው የሚያነሣውና የሚጥለው በዚሁ ስኳር ነው። ለምዘናው ብለን ያስወጣነው ለግጥሚያው የሚያስፈልገውን ስንቅ ነበር ማለት ነው።

የላስቲኩ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እናቶቻችን ውሃ በሸክላ እንስራ ያስቀምጣሉ፤ እንስራው በላዩ ላይ ያዝና፥ ያም እርጥበት በነፋስ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። የሰው ሰውነትም እንደዚሁ ነው፤ ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለሚተን እንጂ ስለሚንጠባጠብ አይደለም። እንስራውን በላስቲክ ብንጠቀልለው ውሃው እንደሞቀ ይውላል። ሰውንም በላስቲክ ጠቅልለን በተዘጋ ክፍል ስናስሮጠው ላቡ ይፈስሳል፥ ሙቀቱ ግን መውጫ ያጣል። ውሃ ከደም በተቀነሰ መጠን ልብ በፍጥነት መምታት ግድ ይሆንባታል፤ ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ውሃ ሲጎድል፥ ማለት በ70 ኪሎ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሲሆን፥ ጉልበት መዛል ይጀምራል። «ማታ ተመዝኜ ሌሊቱን እተካዋለሁ» የሚለው ተስፋም እውነት አይደለም። ሆድ ሊሞላ ይችላል፤ ደምና ጡንቻ ግን ወደ ነበሩበት ለመመለስ አንድ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ቀን ይፈልጋሉ።

ይህን ሁሉ ዓለም ከእኛ በፊት በከባድ ዋጋ ተምሮታል። ትግል በአሜሪካ ኮሌጆች ትልቅ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የአገሩ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ስለ ትግለኞች ክብደት አቀናነስ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ1996ም ደግሞ አደሰው። አሠልጣኞቹም ትግለኞቹም እንደ ወትሮው ቀጠሉ። ከዚያም በ1997፥ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ በእነሱው ወር አቆጣጠር፥ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በሦስት ልዩ ልዩ ክፍለ ሀገሮች ሦስት የኮሌጅ ትግለኞች ሞቱ። ዕድሜያቸው 19፥ 21 እና 22 ዓመት ነበር። ሦስቱም ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው፥ በሞቀ ክፍል ውስጥ፥ ምግብና ውሃ ቀንሰው ለምዘና ሲሠሩ ነው የሞቱት። በሦስት ቀርቶ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ኖሮ «የልጁ ልብ ድሮም ደካማ ነበር» ተብሎ በታለፈ። እኛም የሞቀውን ክፍልና የላስቲኩን ልብስ ስናነብ የራሳችንን መኝታ ክፍል ያነበብን መስሎን ደነገጥን፤ በእኛ ክፍልና በነዚያ ክፍሎች መካከል የነበረው ልዩነት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር።

የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ከዚያ በኋላ ያደረገውን በዝርዝር መናገር ይጠቅማል፤ ለእኛ ክበብ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚያ የተወሰደ ነውና። በ1998 መጀመሪያ ላይ የላስቲክ ልብስን፥ የእንፋሎት ክፍልን፥ ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ አዳራሽ ውስጥ መለማመድን፥ ሽንት የሚያበዛና የሚያስቀምጥ መድኃኒትን፥ ሆን ብሎ ማስታወክን ከለከለ። ቀድሞ ከግጥሚያው አንድ ቀን ሙሉ ሊቀድም ይችል የነበረውንም ምዘና ወደ ግጥሚያው ሰዓት አስጠጋው። ለሚያስተውል ሰው ትልቁ ነገር ይኸ ነው፤ ከምዘናው እስከ ግጥሚያው የሚተኛበት ሌሊት ከሌለ፥ ራሱን አድርቆ ሚዛን የሚወጣ ሰው ደርቆ ነው የሚገጥመው፤ ሞኝነቱም ወዲያው ይገለጥበታል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ትግለኛ በዓመቱ መጀመሪያ፥ በቂ ውሃ መጠጣቱ በሽንት ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፥ የሰውነቱ ስብ እየተለካ ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛ ክብደት እንዲወሰንለት ሆነ። ስቡ ከመቶ 5 እጅ በታች እንዲወርድ አይፈቀድም፤ በሳምንትም ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 1.5 እጅ በላይ ሊቀንስ አይችልም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያለው ወሰን ለወንዶች ከመቶ 7፥ ለሴቶች ከመቶ 12 ነው። እኅቶቻችንም ክበቡን መቀላቀል ስለጀመሩ፥ የሴት ልጅ ምግብ ከመጠን በላይ ሲያንስ የወር አበባ እንደሚቋረጥና አጥንት እንደሚሳሳ ከወዲሁ ማወቅ ይገባናል።

ቁጥሩን ወደ አገራችን ሰው እንመልሰው። ክብደቱ 70 ኪሎ፥ ስቡም ከመቶ 12 የሆነ ተማሪ 8.4 ኪሎ ስብ አለው ማለት ነው፤ የቀረው 61.6 ኪሎ ጡንቻ፥ አጥንትና ውሃ ነው። ከመቶ 5 ስብ ብቻ ቢቀርለት 64.8 ኪሎ ይሆናል፤ ከዚያ በታች መውረድ ራስን መብላት ነው። እዚያም ለመድረስ በሳምንት ከመቶ 1.5 እየቀነሰ ከአምስት ሳምንት በላይ ያስፈልገዋል። ጓደኛችን በሁለት ቀን ሊያደርገው የሞከረው የአራት ሳምንት ያህል ሥራ ነበር። እንዲያውም ለእሱ የሚገባው ምድብ የላይኛው ነበር እንላለን፤ ሳይፈራ ደፍሮ ወደ ላይ ቢወጣ ኖሮ በሙሉ ጉልበቱ በገጠመ።

ደንብ ብቻውን ሁሉን እንደማያድን ግን መሸሸግ አይገባንም። የዓለሙ የትግል ፌዴሬሽን ከ2018 ጀምሮ ምዘናውን ወደ ግጥሚያው ጧት አምጥቶታል፤ ውድድሩ ሁለት ቀን ስለሚፈጅም በሁለተኛው ቀን ጧት ደግሞ ይመዘናሉ። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሕንዳዊቷ ቪኔሽ ፎጋት በ50 ኪሎ ምድብ የቶኪዮዋን ሻምፒዮን ዩዊ ሱሳኪን አሸንፋ፥ ሌሎች ሁለትም ጨምራ፥ ለፍጻሜ ደረሰች። ቀድሞ ትገጥም የነበረው በ53 ኪሎ ነበር። በማግሥቱ ጧት፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው፥ ጠጉሯም ሳይቀር ተቆርጦ፥ 100 ግራም በልጣ ተገኘችና ከውድድሩ ወጣች፤ ሜዳልያም አላገኘችም። ይግባኟም ሳይሳካ ቀረ። አንዳንዶች «መቶ ግራም ምን አላት፥ ደንቡ ጨካኝ ነው» ይላሉ፤ እኛ በእሷ ብናዝንም በዚህ አንስማማም። መቶ ግራም ቢፈቀድ ሁሉም ወደ መቶ ግራሙ ይወርድና የሚጣላው በመቶ አንደኛው ይሆናል። ጥፋቱ ያለው አንድን ሰው ሐኪምና አሠልጣኝ ከብበውት እንኳ ሊቆይበት በማይችል ምድብ ውስጥ ማስገባቱ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙን የሚሉትን እንስማ። አንደኛው «እኔ ባልቀንስ ሌላው ቀንሶ ይመጣና ከእኔ የከበደ ሰው ይገጥመኛል» ይላል። ይህ ንግግር እውነት አለበት፤ ስለዚህም ነው ጉዳዩ ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ብቻ የማይተወው። በኳስ ሜዳ የፊተኛው ተመልካች ሲነሣ የኋለኛው ሁሉ ለመነሣት ይገደዳል፤ በመጨረሻም ሁሉም ቆሞ ያያል፥ ማንም የተሻለ አላየም፥ የሁሉም እግር ግን ደከመ። ሁሉም አራት አራት ኪሎ ውሃ ቢያፈስስ የሚገጥመው ያው የቀድሞው ሰው ነው። ሁሉም እንዲቀመጥ የሚያዝዝ ደንብ ያስፈልጋል።

ሌላው ደግሞ «ይህ የወንድነት መፈተኛ ነው» ይለናል። በመስክ ላይ ያደግን ሰዎች ነን፤ እረኞች ሲታገሉ ማን ጀርባውን መሬት አስነካ ይባላል እንጂ ማን ሳይጠጣ አደረ ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማንም። አንዳንዶችም ከመድኃኒት ቤት የሚያስቀምጥ ክኒን እየገዙ እንደሚውጡ ሰምተናል። አያቶቻችን ኮሶ የጠጡ ዕለት እንግዳ እንኳ አይቀበሉም ነበር፤ የዘንድሮው ጀግና ኮሶውን ጠጥቶ ትግል ሊገጥም ይፈልጋል! ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ደግሞ በዓለም የፀረ አበረታች መድኃኒት ዝርዝር ውስጥ የተከለከለ ስለሆነ፥ ጤናው የማያሳስበው ሰው ቢያንስ ቅጣቱ ሊያሳስበው ይገባል።

ታዲያ ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው ሰው ምን ያድርግ? ሥራው ቀላል ነው፥ የሚያስቸግረው ረጅም መሆኑ ነው። በቀን 500 ኪሎካሎሪ ያህል የቀነሰ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወርድለታል። ይህም ማለት በሻይ ውስጥ የምንጨምረው ሦስት ማንኪያ ስኳር፥ ለስላሳው፥ ብስኩቱ፥ በወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ነው፤ ሽሮው፥ ምስሩ፥ ባቄላው፥ በፍስክ ቀን እንቁላሉና ወተቱ መቅረት የለባቸውም፤ ጡንቻን የሚጠብቁት እነሱ ናቸውና። ውሃ ደግሞ በፍጹም አይቀነስም። ሽንቱ እንደ ጠጅ የጠቆረ ሰው ገና አልጠጣም ማለት ነው።

ስለ ጾምም አንድ ቃል እንበል፤ ብዙዎቻችን ጾመኞች ነንና። ጾሙ በእኛ ላይ ጉዳት አለው አላልንም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ተማሪ፥ ወይም በረመዳን ቀኑን ውሃ ያልቀመሰ ተማሪ፥ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ሲሮጥ አይተናል። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም። ክበቡ በነዚህ ወራት ልምምዱን ከማፍረሻው ሰዓት በኋላ ቢያደርገው ማን ይጎዳል?

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረት የስፖርት ኮሚቴ ሐሙስ በሚያደርገው ስብሰባ የሚከተለውን እንጠይቃለን። የዓርብ ማታው ምዘና ቀርቶ ከግጥሚያው አንድ ሰዓት በፊት ይሁን። የእያንዳንዱ ትግለኛ ክብደት በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ውሃ ጠግቦ ሳለ በክሊኒኩ ተለክቶ ይመዝገብ፤ በሳምንት ከመቶ 1.5 እጅ በላይ የወረደ ሰው በዚያ ሳምንት አይገጠም። ላስቲክ ለብሶ የተገኘ ሰው ብቻ ሳይሆን ያለበሰውም ከክበቡ ይታገድ፤ ይህ ደንብ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የምንታገደው እኛ ጸሐፊዎቹ ነበርን። ክቡራን የስፖርት መምህራንም ምዘናው በሚደረግበት ሰዓት እንዲገኙልን በአክብሮት እንለምናለን።

የፊርማው ወረቀት በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከላይ የመጀመሪያውን ፊርማ የፈረመው ያው ጓደኛችን ነው፤ ዛሬ ጧት ሚዛን ላይ ሲወጣ 70 ኪሎ ነበር፤ በሚመጣው ግጥሚያም በላይኛው ምድብ ይገጥማል።