ዞን ሲቀየር የማይፈርስ ሶፍትዌር

እኛ ፕሮግራመሮች «ባለ ሦስት እርከን» ስንል የሚደነግጥ አይጠፋም። ቡታጅራ ክትፎ ቤት የገባ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል፦ አስተናጋጁ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ወጥ ቤት ይሠራል፣ ሥጋው ከጓዳ ይቀመጣል። የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ ከፊት ስክሪኑ፣ መሃል ሕጉና ስሌቱ፣ ከኋላ ዳታቤዙ።

ታዲያ መለያየቱ ምን ይጠቅማል? ነሐሴ 2015 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የደቡብ ክልል ለሁለት ተከፍሎ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫነቷን ይዛ ቀጠለች፤ ቡታጅራ ግን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እናቆየውና ኮዱን እንይ።

በየስክሪኑ «ደቡብ፣ ጉራጌ፣ ወልቂጤ» ብሎ የቸከለ ፕሮግራመር ከቅጽ ቅጽ፣ ከሪፖርት ሪፖርት ሲለቅም ይከርማል። አንዷን ከዘለለ ደግሞ ዕዳው የባለጉዳዩ ነው፤ በሌለ ክልል ስም የታተመ ወረቀት ይዞ ከመስኮት መስኮት ይንከራተታል። ተዋረዱን ከነተፈጻሚነት ቀኑ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጦ፣ የሚያነበውን ሕግ መሃል ላይ አንድ ቦታ የጻፈ ግን አንዴ አስተካክሎ ቡናውን ይጠጣል። የ2014ቱ ሰነድም በ2014ቱ ስሙ ይኖራል።

«እርከን ማብዛት ሥራ ማብዛት ነው» የሚሉን አሉ። ለአንድ ሱቅ እውነት ነው፤ ኤክሴል ይበቃዋል። ብዙ ወረዳ ለሚያገለግል ሲስተም ግን አይሠራም። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ክልል ሲሆኑ አይተናል እኮ! ካርታው በሚቀየርበት አገር የክልል ስም ኮድ ላይ አይቸከልም።