ሰይፍ በእጃችን፣ ኃይል ከእግዚአብሔር

መስከረም በጠባ ቁጥር በአብያተ ክርስቲያናችን ብዙ ውሳኔ ይሰማል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ የአዳር ጸሎት ላይ «ከእንግዲህ ወደዚያ ኃጢአት አልመለስም» ብሎ የሚንበረከከው ብዙ ነው። ውሳኔው ከልብ ነው፤ እንባውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን መስቀል እንኳ ሳይደርስ አንዱ ሌሊት በስልኩ ወደሚያየው ርኩሰት፣ ሌላዋ ወደ ሐሜቱ፣ ሌላው በቤተሰቡ ላይ ወደሚያወርደው ቁጣ፣ ሌላውም በመሥሪያ ቤቱ «የሻይ» እየተባለ ወደሚሰጠው ጉቦ ይመለሳል።

ለወደቀው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክሮች ሁለት ናቸው። አንዱ «ጠንከር በል፤ ቁርጠኝነት ጎድሎህ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዝም ብለህ ለጌታ ተወው፤ አንድ ቀን ያወጣሃል» ይላል። ሁለቱም መንፈሳዊ ይመስላሉ። እኛ ግን ሁለቱም ሰውን ለሽንፈት አሳልፈው የሚሰጡ ናቸው ብለን እናምናለን።

ቁርጠኝነት ቢበቃ ኖሮ ጴጥሮስ ባልወደቀ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ቢሰናከሉ እንኳ እርሱ እንደማይሰናከል በሌሎቹ ፊት ተናግሮ ነበር (ማቴ. 26)። ይህን ሲል እየዋሸ አልነበረም፤ ጌታን ይወድ ነበር። ነገር ግን በጌቴሴማኒ ጌታ እንዲተጋና እንዲጸልይ ሲጠይቀው ተኛ፤ ሌሊቱም ሳይነጋ ሦስት ጊዜ ካደ። የጎደለው ፍቅር አልነበረም። በራሱ ስለ ተማመነ መጸለይ እንደሚያስፈልገው አልታየውም። ድካሙን ያላወቀ ሰው እርዳታ አይለምንም።

እጅን አጣጥፎ መጠበቅም ቢሆን በእግዚአብሔር መታመን አይደለም። ለዚህ በዘጸአት 17 የተጻፈውን ጦርነት ማስተዋል ይበቃል። እስራኤል በራፊዲም ሳሉ አማሌቅ መጣባቸው። ሙሴ ኢያሱን ሰዎች መርጦ እንዲዋጋ ላከው፤ እርሱ ግን የእግዚአብሔርን በትር ይዞ ወደ ኮረብታው ራስ ወጣ። እጁን ሲያነሣ እስራኤል ያሸንፍ ነበር፤ ሲያወርድ አማሌቅ ያሸንፍ ነበር። ኢያሱ ሰይፍ ይዞ ባይወርድ ኖሮ ውጊያ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። የድሉ ምንጭ ግን የኢያሱ ክንድ አለመሆኑን እንዲያውቁ፣ ውጤቱ በኮረብታው ላይ በተነሡት እጆች ታየ።

ጳውሎስም በሮሜ 8፥13 ያስተማረው ይህንኑ ነው። የሥጋን ሥራ የምንገድለው እኛ ነን፤ የምንገድለው ግን በመንፈስ ነው። እንግሊዛዊው መጋቢ ጆን ኦዌን እ.ኤ.አ. በ1656 ኃጢአትን ስለ መግደል ያሳተመው መጽሐፍ መነሻው ይህ አንድ ቁጥር ነው። «እኛ» የሚለውን ያወጣ ሰው ይሰንፋል፤ «በመንፈስ» የሚለውን ያወጣ ሰው ደግሞ ወይ ይታበያል ወይ ተስፋ ይቆርጣል።

ስለ አማሌቅ ዘዳግም 25 የሚጨምረው ነገር አለ። አማሌቅ የመታው ደክመው ወደ ኋላ የቀሩትን ነበር። ኃጢአትም ጊዜና ቦታ ይመርጣል። ከሥራ ዝለን ስንገባ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ከስልካችን ጋር ብቻችንን ስንቀር፣ ከኅብረት ከራቅን ሳምንታት ሲያልፉ ይመጣል። ስለዚህ በእግዚአብሔር ኃይል መታመን በተግባር ምን ይመስላል ብንል፣ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት፣ ጉቦ ወደሚቀርብበት ግብዣ አለመሄድ፣ በቃሉ መጽናት፣ ቁጣው ሲነሣ እዚያው ቆሞ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» ማለት ነው። እነዚህ በራሳቸው ኃይል የላቸውም። ድካሙን ያመነ ሰው እጁን ወደ ላይ የሚያነሣባቸው መንገዶች ናቸው።

የሙሴም እጅ ከብዶት ነበር። አሮንና ሖር ከድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹን ደገፉ። ሙሴ ብቻውን አልቻለም፤ እኛስ ለምን ብቻችንን እንሞክራለን? በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ ፈውስና ስለ ሥራ ጸሎት ማስያዝ ቀላል ነው፤ «በዚህ ኃጢአት እየተሸነፍሁ ነው፤ ደግፉኝ» ማለት ግን ከባድ ነው። ሚስጥር የሚጠብቅ፣ የሚጸልይና በሚቀጥለው ሳምንት «እንዴት ሆንህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ታማኝ ወንድም ወይም አንዲት ታማኝ እህት እግዚአብሔር ኃይሉን የሚልክበት መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መጽናናታችን ግን በኮረብታው ላይ ካለው ሰው የሚበልጥ አማላጅ ያለን መሆኑ ነው። ሙሴ ደከመው፤ ክርስቶስ አይደክምም። በመስቀሉ የኃጢአታችንን ዕዳ ከፍሏል፤ ሊያማልድም ዘወትር በሕይወት ይኖራል (ዕብ. 7፥25)። የጸጋው ዙፋን የተከፈተውም በሚያስፈልገን ጊዜ እንድንረዳ ነው (ዕብ. 4፥16)። የሚያስፈልገን ጊዜ ደግሞ ፈተናው የበረታበት ሰዓት ነው፤ የወደቅንበትም ሰዓት ነው። ከወደቀ በኋላ «እስክስተካከል ድረስ» ብሎ ከጸሎትና ከኅብረት የሚርቅ ወገን፣ መድኃኒቱን ሳይወስድ መዳንን የሚጠብቅ በሽተኛ ነው።

ጌታን ገና ላልተቀበላችሁና «መጀመሪያ መጠጡን ልተው፣ ጫቱን ልተው፣ ከዚያ እመጣለሁ» ለምትሉም የምንላችሁ ይኸው ነው። እንዳላችሁ ኑ። የምትተዉበት ኃይል ያለው እርሱ ዘንድ ነው።

የዛሬው ውጊያ ዛሬ ያበቃል አንልም፤ የአማሌቅም ጦርነት እስከ ፀሐይ መግቢያ ድረስ ቆይቷል። ሰይፉን አንጣል፤ እጃችንንም አናውርድ። የደከመውን ወንድማችንን ክንድ ደግሞ ዛሬውኑ ሄደን እንደግፍ። ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን።