የፊቱን ሻፍት ከማውለቃችን በፊት

ፎር ዊል ያለው ቫን ወይም አምቡላንስ ከሥሩ እያጉረመረመ፣ መሪው እየከበደ ወይም ኩርባ ላይ ፍሬን እንደተያዘ ሁሉ ወደ ኋላ እየጎተተ ጋራዥ ሲደርስ በእኛ አካባቢ ከሚሰጡት መፍትሔዎች አንዱ የፊቱን ፕሮፔለር ሻፍት አውልቆ ጥግ ማስቀመጥ ነው። ድምፁ ይጠፋል፣ ሾፌሩ ይከፍላል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። የእኔ አቋም ግን ይህ ጥገና አይደለም የሚል ነው። በሽታው ሳይታወቅ በሽተኛው ዝም እንዲል የሚደረግበት ዘዴ ነው። ጉዳዩ እኛን የዲፓርትመንቱን ተማሪዎች በቀጥታ ይመለከተናል፤ ነገ ያንን ሻፍት አውልቅ የምንባለው ወይም አውልቁ የምንለው እኛው ነን።

እንደሚታወቀው ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሰው የሚያመላልሱት ሃይስ ሚኒባሶች አብዛኞቹ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው። ስለዚህ የፊት ሻፍት የላቸውም፤ ነገሩም አይመለከታቸውም። የሚመለከተው አልፎ አልፎ የሚገኙትን ባለአራት ጎማ ነጂ ቫኖች፣ ላንድክሩዘር ሎንግ ቤዞችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወረዳ ወደ ደሴ ሆስፒታል ታካሚ የሚያመጡ አምቡላንሶችን ነው። እነዚህም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። ላንድክሩዘር ሰባ ስምንት ፓርት ታይም የሚባለው ነው፤ በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል የለውም፣ ሾፌሩ ሲፈልግ ያስገባዋል፣ ሲፈልግ ያወጣዋል። ፉል ታይም የሆኑት ቫኖች ደግሞ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ኃይል ሊያገኝ የሚችልበት አሠራር አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቪስከስ ካፕሊንግ የተገጠመላቸው አሉ። ይሄ ዕቃ ውስጡ የተደረደሩ ቀጫጭን ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ያለበት የታሸገ ከበሮ ነው፤ የፊቱና የኋላው ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ ሳህኖቹን ይይዛል። እንግዲህ ከሥር ገብቶ መኪናው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳያዩ «ፎር ዊሉ ነው ያስቸገረው» ማለት ሆዴን አመመኝ ላለ ሰው ሁሉ አንድ ኪኒን እንደመስጠት ነው።

ወደ ምርመራው ስንመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ካምቢዮም ዲፈረንሻልም አይደለም፤ ጎማ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል። እስቲ እናስላው። ባለ195 አር 15 ጎማ ዲያሜትሩ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ዙር 2.2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ከ11 ሺህ ዙር በላይ ይዞራል ማለት ነው። አሁን ከፊት አዲስ ጎማ፣ ከኋላ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ያለቀ ጎማ አስረናል እንበል። የዲያሜትሩ ልዩነት 12 ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛ 1.7 ገደማ ነው። በአንድ ጉዞ የኋላው ጎማ ከፊቱ ወደ 190 ዙር ይበልጣል። (ይሄ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ ጭነት የተሸከመ ጎማ ስለሚጨፈለቅ በተግባር ልዩነቱ ያንሳል፣ ግን አይጠፋም።) ይህ ልዩነት የሆነ ቦታ መዋጥ አለበት። መኪናው ቪስከስ ካፕሊንግ ካለው ፈሳሹ መንገዱን ሙሉ ሲጋል ይከርማል። ፓርት ታይም ሆኖ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ከገባበት ደግሞ ሻፍቶቹና ጥርሶቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፣ ማርሹም አልወጣ ይላል።

ኩርባም እንደዚሁ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ውጥረቱ ይለቃል፤ አስፋልት ላይ ግን መልቀቂያ የለውም። አንድ ሾፌር ከገጠር ጭቃ ወጥቶ ፎር ዊሉን ሳያወጣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ከጀመረ መሪው ይከብደዋል፣ መኪናው ይጎተትበታል፣ ደሴ ሲደርስ «ዲፈረንሻሌ ተበላ» ብሎ ጋራዥ ይገባል። የተበላ ነገር ላይኖር ይችላል። ቀጥ ባለ ቦታ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድና ማርሹን ቢያወጣው የሚሻለው ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ጎማና የሾፌር አነዳድ ሳይጠየቅ ቁልፍ መነሣት የለበትም እላለሁ።

ጎማው ደህና ከሆነስ? እዚህ ላይ እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ሌላው የሌለው መሣሪያ አለን፤ ሐረጎ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ሽቅብ ስንወጣ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ የኮሮናና የፒኞን ጥርስ በአንድ ጎኑ ይጫናል። ቁልቁል በማርሽ ስንወርድ ጎማው ሞተሩን ይገፋል፤ ጥርሱ በሌላው ጎኑ ይጫናል። ስለዚህ ሽቅብ ብቻ የሚያለቅስ ዲፈረንሻል፣ ቁልቁል ብቻ የሚያለቅስና በሁለቱም የሚያለቅስ አንድ ዓይነት በሽታ የላቸውም። ጋዝ ሲረገጥና ሲለቀቅ የማይለወጥ ጉርምርምታ ደግሞ ጥርስ ከመሆን ይልቅ ጎማ ወይም የሞዞ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ይሄንኛው ኩርባዎቹ ይለዩልናል፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የሚጮኸው የቀኙ ኩሽኔታ ከሆነ ድምፁ ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይቀንሳል። ሐረጎ ላይ ኩርባ ሞልቷል፣ መፈተኛ አይቸግርም።

ሜዳው ላይ ደግሞ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ በሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ በአራተኛ ማርሽ መንዳት ነው። የሞተሩ ዙር ተለውጦ ድምፁ ካልተለወጠ ጥፋቱ ከካምቢዮው ወዲያ ነው። ይቺ ሙከራ ሁለት ደቂቃ ትፈጃለች፤ ያለ ጥፋቱ የሚወርደውን ካምቢዮ ታድናለች። (አንዳንዱ ለመፈተን ብሎ ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ ይለቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ የሚያደርጉትም አሉ። ይሄ ራስንም ሰውንም መግደል ነው።)

በጋዝ መርገጥና መልቀቅ መካከል «ቃ!» የሚል ድምፅ ካለ መኪናውን አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፎ ሻፍቱን በእጅ ግራና ቀኝ መጠምዘዝ ነው። ክሮቸራው ካለቀ ያኔውኑ ይታወቃል። ደሴ እንደተደረሰ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻሉን፣ የኋላውን፣ ትራንስፈር ኬዙንና አራቱን ሞዞ በሙቀት ማወዳደር ነው። ለምን ደሴ? ኮምቦልቻ ላይ ከሆነ ቁልቁለቱን በፍሬን ስለወረደ ሞዞው ሁሉ ትኩስ ነው፤ የፍሬንን ሙቀት ከኩሽኔታ ሙቀት መለየት አይቻልም። ሽቅብ ከወጣ በኋላ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለው ራሱን ይናገራል። ከዚያ ዘይቱን አውርዶ የብረት ብናኝ መፈለግ ይከተላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ፉል ታይም የሆነ መኪና በክሪክ አንድ በኩል ብቻ ተነሥቶ ሞተር ተነሥቶ ማርሽ መግባት የለበትም። መሬት የያዙት ጎማዎች ኃይል ካገኙ መኪናው ከክሪኩ ላይ ዘሎ ይሄዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው አለ። ወይ አራቱም በማይነቃነቅ ድጋፍ ይነሣሉ፣ ወይ ሙከራው መንገድ ላይ ይደረጋል።

ታዲያ መካኒኮቹን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ባለንብረቱ መኪናው አንድ ቀን ሲቆም የቀን ገቢው ይቀርበታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ምን ያህል እንደተወደደ ሁላችንም እናውቃለን። መካኒኩም «አሁኑኑ ድምፁን አጥፋልኝ» እየተባለ ነው የሚሠራው። ፓርት ታይም መኪና ላይ፣ ክሮቸራው አልቆ ዕቃው እስኪመጣ ሻፍቱ ቢወርድ እኔም አልቃወምም፤ ጥፋቱ ታውቆ፣ ባለቤቱ ተነግሮት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ተጽፎ ከሆነ። መሃል ዲፈረንሻልና ቪስከስ ካፕሊንግ አብረው ያሉት መኪና ላይ ግን ሻፍቱ ሲወርድ ሙሉው ኃይል በካፕሊንጉ ብቻ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ይቃጠላል። የድምፅ ችግር የነበረው የዕቃ ችግር ይሆናል።

አምቡላንስ ላይ ደግሞ ዕቃ እስኪመጣም ቢሆን አልስማማም። አምቡላንሱ ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ በክረምት ሲጠራ ምጥ የያዛት እናት ለማምጣት ሊሆን ይችላል። አስፋልት ላይ የፊቱ ሻፍት አለመኖሩን ማንም አያውቅም። የሚታወቀው መረሬ ጭቃ ውስጥ ሌሊት ሾፌሩ ፎር ዊል አስገብቶ የፊት ጎማዎቹ ዝም ሲሉ ነው። ያን ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው ሻፍቱን ያወለቀው ሰው አይደለም።

ወደ ዲፓርትመንታችን ልመለስ። እኛ ዲፈረንሻል ፈትተን መግጠም እንማራለን፤ ጥሩ ነው። ግን ወርክሾፕ ውስጥ የምንፈታው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዲፈረንሻል ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ ሐረጎን አልወጣም። የብልሽት ምርመራ በክፍል ውስጥ በሠንጠረዥ ነው የሚያልፈው። «መሣሪያ የለም» የሚለው መልስ ይገባኛል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስንት የትምህርትና የሥልጠና ንብረት እንደተዘረፈና እንደወደመ አይተናል። ከላይ ለዘረዘርኩት ግን ኮምፒውተር አያስፈልግም። የጎማ ጥርስ መለኪያ፣ ጠመኔ፣ በርቀት ሙቀት የሚለካ ትንሽ ቴርሞሜትርና ደህና ጆሮ ይበቃል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንቱ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የድራይቭ ትሬይን ኮርስ ከሚሰጥባቸው ቀናት አንዱ ግማሽ ቀን ከመምህር ጋር ከኮምቦልቻ ደሴ ደርሶ መልስ ይሁን። መኪናውን ፈቃድ ያለው ሾፌር ይንዳ፤ ተማሪው ከኋላ ተቀምጦ ድምፁ የት እንደጀመረ፣ ሽቅብ ነው ቁልቁል፣ ግራ ኩርባ ነው ቀኝ፣ ጋዝ ተረግጦ ነው ተለቅቆ እያለ ይጻፍ። ሲመለስ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ በጽሑፍ ይገምት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይፈታ። ውጤት የሚሰጠውም ለመፍታቱ ሳይሆን ግምቱ ከተገኘው ጥፋት ጋር ለመግጠሙና ለምክንያቱ ይሁን። የቅጹ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ የአራቱ ጎማዎች መጠን፣ ንፋስና የጥርስ ጥልቀት ቢሆን ደስ ይለኛል።